ሴባስቶፖልን እንደ ሠራነው

አዲስ አበባ የኖረ ወይም በእንግድነት ያያት ተማሪ በቸርችል ጎዳና ሲያልፍ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ አንድ አካለ አጭር፣ አፈ ሰፊ መድፍ ወደ ሰማይ አንጋጦ መቆሙን ሳያስተውል አይቀርም። ያ መድፍ እውነተኛው ሴባስቶፖል አይደለም፤ ምሳሌው ነው። እውነተኛው ዛሬም ከመቅደላ አምባ አልተነሣም። እኔ ግን አሁን የማጫውታችሁ ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ አይደለም። በ1976 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ፣ ከባሕር ዛፍ ማገር፣ ከጭድና ከእበት ስለ ሠራነው ስለ ሌላ ሴባስቶፖል ነው።

ይህን መድፍ የወደድሁት ገና ፊደል ሳልለይ ነው። የተወለድሁት ከጉና ተራራ ግርጌ ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ አገር ስለ ሆነ ማታ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ምድጃ ይከባል፤ ምድጃ ከተከበበ ደግሞ ወሬው ዞሮ ዞሮ አፄ ቴዎድሮስ ላይ ያርፋል። አያቴ ሌላውን ታሪክ ሁሉ እየሣቁ ያወጉን ነበር። መድፉ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ እንዴት እንደ ተጐተተ ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እጃቸውም ገመድ የያዘ ይመስል ወደ ደረታቸው ይስባል። እኔም በማግስቱ ከብት ስጠብቅ ከወንዝ ዳር ጭቃ እየጠፈጠፍሁ መድፍ እሠራለሁ፤ በልጥ አስሬ ዳገት እጐትተዋለሁ፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይፈርሳል።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሆንሁ ጊዜ ጓደኞቼ በደብተራቸው ሽፋን ላይ የኳስ ተጫዋችና የዘፋኝ ሥዕል ሲለጥፉ፣ እኔ ከአንድ አሮጌ መጽሔት የቀደድሁትን የሴባስቶፖልን ፎቶግራፍ ለጠፍሁ። መጽሔቱ የእኔ እንዳልነበረ መናዘዝ ይኖርብኛል። የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ» እና የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ እንባ» ያነበብሁትም ያን ደብተር በብብቴ እንደያዝሁ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ፣ ጥቂት ዓመታትም ሌላ ቦታ አስተምሬ ወደ ደብረ ታቦር በተዛወርሁ ጊዜ ደብተሩ አልቆ ፎቶግራፉ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱንም በመዝገበ ቃላት ቅጠሎች መካከል አኑሬው ነበር።

ደብረ ታቦር መመደቤን ስሰማ የተደሰትሁት ስለ ጋፋት ነው። ጋፋት ከከተማው ብዙ የማትርቅ፣ በእግር ተሂዶ የሚደረስባት ኮረብታማ ስፍራ ናት። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ከውጭ አገር አጥብቀው የፈለጉት ሰባኪ ሳይሆን የእጅ ሥራ አዋቂ ነበር። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላኳቸው፣ በስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪስቾና የሠለጠኑ ሚስዮናውያን ሲመጡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጋፋት ላይ አስቀመጧቸው። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ከእነዚህ ወገን ናቸው። በትውልዱ የፖላንድ ሰው የነበረው ሞሪትዝ ሆልም አብሯቸው ይሠራ ነበር። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነው፤ እጃቸው ሥራ ያውቃል እንጂ መድፍ አቅልጦ ማፍሰስ የተማሩት ጥበብ አልነበረም። ሆኖም ንጉሡ ሥሩልኝ አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደገና ሞክሩ ተባሉ፤ ሞከሩም፤ በመጨረሻ የቀለጠው ነሐስ ከቅርጹ ውስጥ መድፍ ሆኖ ወጣ። ከሁሉ ትልቁ የተሠራው በ1859 ዓ.ም. ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን፣ ማለትም 70 ኩንታል ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበው ከሩሲያ ወደብ ነው። ያ ታላቅ ከበባ የተካሄደው፣ ቀኑን ወደ እኛ አቈጣጠር ብትመልሱት፣ ንጉሡ ዘውድ በጫኑበት በዚያው በ1847 ዓ.ም. ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ሲኒማ የምትወዱ ከእናንተ መካከል ብዙ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው እንግሊዛዊው ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖፍ የዚያ የሞሪትዝ ሆል የልጅ ልጅ ልጅ ነው። የሴት አያቱ መግደላዊት፣ ከሆልና ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ በ1860 ዓ.ም. እዚያው መቅደላ ላይ የተወለደች ናት። የጋፋት እሳት ፍንጣሪ የት ድረስ እንደ ደረሰ ተመልከቱ።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። በ1976 ዓ.ም. የትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ የንጉሡ ሙት ቀን በሆነው በሚያዝያ 6 በአዳራሻችን የሚታይ አንድ ቴአትር አዘጋጀ። ቴአትሩን ተማሪዎቹና እኔ ተጋግዘን የጻፍነው ሲሆን፣ ዋናው ትርኢት የመድፉ መጐተት ነበር። ርእሰ መምህሩ መድፉ በጨርቅ ላይ ቢሣልና ከኋላ ቢሰቀል በቂ ነው አሉ። አስተያየታቸው ከበጀትም ከጊዜም አንጻር ትክክል ነበር። እኔ ግን እሺ ማለት አቃተኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የፈረሰብኝ መድፍ ሁሉ ትዝ አለኝ። «በልኩ እንሠራዋለን» አልሁ።

በልኩ ማለት ቀላል ነው፤ ልኩን ማን ያውቃል? መቅደላ ሄዶ የለካ በመካከላችን አልነበረም። ያለን ያ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ከመድፉ አጠገብ አንድ ሰው ቆሟል። ሰውየውን በማስመሪያ ስንለካው አምስት ሳንቲ ሜትር ሆነ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ነው ብለን ብንነሣ፣ በሥዕሉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር በእውነቱ ዓለም ሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ስሌት የመድፉን አፍና ርዝመት አገኘን። ይህን በሰሌዳ ላይ ሠርቼ በራሴ ብልሃት እየተደነቅሁ ሳለሁ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ሰውየው ረዥም ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌላም ችግር ነበር። በፎቶግራፉ ላይ መድፉ ከፊሉ በአፈር ተሸፍኗል፤ ከአፈሩ በታች ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው አይታይም።

ቢሆንም ጀመርን። ተማሪዎቹ ከወንዝ ዳር ጭቃ አመላለሱ፤ ድንጋይ ከምረን በዙሪያው ጭቃውን ደፍድፈን መድፍ አስመሰልነውና ለፀሐይ ተውነው። በአራተኛው ቀን ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ታየ፤ በስምንተኛው ቀን ስንጥቁ ጣት ያስገባ ነበር። አራት ልጆች ሊያነሡት ሲሞክሩ ግማሹ በእጃቸው ቀረ፤ ግማሹ እግራቸው ሥር ተዘረገፈ። ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። ወፍራም ጭቃ ከውጭ በኩል ቀድሞ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይጨማደዳል። ውስጡ ግን ገና እርጥብ ስለ ሆነ አብሮ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ሽፋኑ ይተረተራል። በጋፋት የነበሩት ሰዎች ፈተና ከዚህ የከፋ እንደ ነበር መገመት ትችላላችሁ። የመድፍ ቅርጽ ውስጡ ጥቂት እርጥበት ከቀረበት፣ የቀለጠው ነሐስ ሲፈስበት ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ቅርጹን ያፈነዳዋል። እኛስ የጠፋብን የአንድ ሳምንት ድካምና የአንድ ልጅ ሱሪ ንጽሕና ብቻ ነው።

አሁን ስለ አንድ ተማሪ ልነግራችሁ ነው። ስሙን አልጠራውም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን ከኋላ ወንበር ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ብቸኝነት የሚወድ ልጅ ይመስለኝ ነበር። መድፉ በፈረሰ ዕለት ሌሎቹ ሲወጡ እርሱ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና አንድ ወረቀት አስቀመጠ። መድፉን ሥሎታል፤ አፈሩን ግን አንሥቶለት፣ ከሥሩ ጀምሮ ሙሉውን ነው የሣለው።

«ጋሼ፣ ጭቃ ባንድ ጊዜ አይቆምም» አለኝ ቀስ ብሎ። «እንደ ጎታ በየዙሩ ነው የሚሠራ። አንዱ ዙር ሲጠና ነው ሌላው የሚጨመርበት።»

«ማን ነገረህ?»

«እናቴ። ጎታም ምጣድም ትሠራለች።»

በሩ አጠገብ የነበሩ ሁለት ልጆች ሣቁ። አንደኛው አንዲት ቃል በሹክሹክታ ተናገረ። ቃሏ «ቡዳ» የምትል ነበረች። እኔ ሰምቻለሁ፤ ልጁም መስማቴን አይቷል። ግን ወረቀቶቼን መሰብሰብ ቀጠልሁ።

ድርሰት ሲጻፍ እንዲህ ያለውን ስፍራ ዘልሎ ማለፍ ይቀናል፤ እኔም በመጀመሪያው ረቂቅ ዘልዬው ነበር። ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳችሁ። በአገራችን ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምጣዱንና ጀበናውን የሚሠራው ሰው በሥራው ሲጠቀሙ ኖረው በስሙ ሲሰድቡት ኖረዋል። ቀጥቃጭ፣ ባለ እጅ፣ ሸክላ ሠሪ የተባለው ሁሉ ዓይኑ ይበላል እየተባለ አብሮት የሚበላ፣ ልጁንም የሚድርለት እየታጣ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ ከታወጀ 76 ዓመት ሆኖት ሳለ ቃሏ እኔ ክፍል በር ላይ ነበረች። እኔንም በልጅነቴ እናቴ በእነዚህ ሰዎች ፊት እህል እንዳልቀምስ አስጠንቅቃ፣ አንገቴ ላይ ክታብ አስራ ነው ያሳደገችኝ። ትምህርት ቤት ይህን ከአፌ አውጥቶልኝ ነበር፤ ከሆዴ ማውጣቱን ግን ፈትኜ አላውቅም።

በዚያ ሳምንት ልጁን አስከትዬ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ማዶ ነበር። አባቱ ከጎጆው አጠገብ ባለች ዳስ ሥር ወናፋቸውን እያስነፉ ማረሻ ይሠሩ ነበር። ሲያዩኝ መዶሻውን ከመስፉ ላይ አኑረው ተነሡ። የመጣሁበትን ነገርኋቸው። እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ፎቶግራፉን በጠርዙ ያዙትና ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ከአፈሩ በታች ያለው አይታወቅም» አልሁ።

«ክብ ነገር ግማሹ ከታየ ሌላው ግማሽ የት ይሄዳል፣ መምህር?» አሉኝ። ቀጥለውም ሥሩ ከአፉ መወፈር እንዳለበት፣ ባሩዱ የሚገፋው ከሥር ስለ ሆነ ስስ ሆኖ የተሠራ መድፍ በገዛ ሠሪው ላይ እንደሚፈነዳ አስረዱኝ። የልጁ ሥዕል ሥሩን አወፍሮ የሣለው ለምን እንደ ሆነ ያኔ ገባኝ። መድፍ ሠርተው አያውቁም፤ ነገር ግን ብረት ሲገፋና ሲገፋበት ምን እንደሚሆን ዕድሜ ልካቸውን አይተዋል።

ሴትዮዋ ለቁርጥማታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው ነበርና ሥራው እርሳቸው እስኪመለሱ እንዲቆይ ተስማማን። ልነሣ ስል ልጃቸው እንጀራና ሽሮ በሰፌድ፣ ጠላ በዋንጫ አቀረበችልኝ። ወሩ መጋቢት፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። «እጾማለሁ» አልሁ። ሰውየው ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ሰዓቱ ከዘጠኝ ማለፉን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። «እስከ ማታ ነው የምጾም» ብዬ ጨመርሁ። «እንግዲያስ እግዜር ይቀበልልዎ» አሉ፤ ምግቡንም ልጅቱ መልሳ ወሰደችው።

የልጁ እናት ከወንዛዬ እንደ ተመለሱ ሥራው ወደ እውነተኛ እጅ ገባ። መጀመሪያ የተላጠ የባሕር ዛፍ ማገር ክብ አድርገን ተከልን፤ እርሳቸው በሐረግ እየጠለፉ እንደ ጎተራ ገመዱት። ከዚያ እበትና የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ሁለት ሌሊት አደረ። በአንድ ቀን ከአንድ ክንድ በላይ ከፍታ አይለስኑም፤ ልጆቹ ቸኩለው ለመጨመር ሲሞክሩ በእርጥብ እጃቸው ጀርባ ይገፏቸዋል። ግድግዳው ስስ ስለ ሆነ ከውስጥም ከውጭም እኩል ደረቀ፤ አንድም ስንጥቅ አልታየበትም። ሲጠና በቀይ አፈር ለቀለቁት፤ በለስላሳ የወንዝ ጠጠር እያሹ አንፀባረቁት፤ የኑግ ዘይትና የምጣድ ጥላሸት አዋሕደው ቀቡት። ባላቸው ከአሮጌ በርሜል የተቈረጠ ብረት ቀጥቅጠው ለአፉና ለወገቡ ሁለት ቀለበት ሠሩለት። ለጋሪው የሚሆን እንጨትም ጠርበው አራት መንኰራኵር አወጡ። እኔ ጥላሸቱ በደረቀ ማግሥት ጠዋት ብቻዬን ሄጄ አየሁት። የነሐስ መልክ ይዞ ጥላው ውስጥ ተቀምጧል። በጣቴ አንኳኳሁት። ድምፁ የጎታ ድምፅ ነበር።

«ለመሆኑ የንጉሡ ጎታ ምን ይሰፈርበት ኖሯል?» ብለው ሴትዮዋ ከጓዳ ሣቁብኝ።

ከተማሪዎቹ መካከል በዚያ ቤት ውሃ የጠጡም፣ እስከ መጨረሻው ከቤታቸው ውሃ በኮዳ ይዘው የመጡም ነበሩ። በሹክሹክታ የተናገረው ልጅ ጭቃ ሲረግጥ ይውል ነበር፤ ውሃ መጠጣቱን ግን አላየሁም።

ሚያዝያ 6 በዚያ ዓመት ቅዳሜ፣ የሆሳዕና ዋዜማ ነበር። ከቀትር በኋላ ያልተጠበቀ ዝናብ መጣ። መድፉን ከነጋሪው ወደ አዳራሹ እየገፋን ሳለን ጠብታው ሲጀምር ሴትዮዋ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው አለበሱት፤ ራሳቸው በቀሚስ ቀሩ። መጋረጃው ሲገለጥ ሃያ ልጆች በጠፍር ገመድ ከጨለማው ውስጥ እየሳቡ አወጡት። አባትየው በአፉ ውስጥ ፍምና እርጥብ ጭድ በሸክላ አድርገው አስቀምጠውለት ስለ ነበር ቀስ እያለ ይጨሳል። በአዳራሹ ውስጥ የሳል ድምፅ እንኳ አልነበረም። ወዲያው ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ምርኵዛቸውን ለጎረቤታቸው አስያዙና ገመዱን ሊያግዙ ወደ መድረኩ አመሩ። ማንም አልከለከላቸውም። ይህ በጽሑፉ ያልነበረ ትርኢት ከጻፍነው ሁሉ በለጠ። ሕዝቡ እልል አለ።

በመጨረሻ ምስጋና የማቅረብ ተራ የእኔ ነበር። በኪሴ ወረቀት ነበረኝ፤ በወረቀቱ ላይ የባልና የሚስቱ ስም ከእነ አባታቸው ተጽፏል። ወደ መድረኩ ወጥቼ የተሰበሰበውን ሰው አየሁ፦ የከተማው ባለሥልጣናት፣ ነጋዴዎች፣ የተማሪዎች ወላጆች። ስሞቹ ሲጠሩ በዚህ ሁሉ ፊት ላይ ምን እንደሚነበብ አሰብሁ። «ለተባበሩን የአካባቢው ሰዎች ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳቸው» አልሁና ወረዳለሁ። ጭብጨባው ቀለጠ። ወደ መስኮቱ ዞር ስል ሰውየውን አየኋቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው ከውጭ ቆመው ነበር። ሁለተኛ ስመለከት አልነበሩም። ልጁ ከመድረኩ ጀርባ ገመዶቹን እየፈታ ይጠቀልል ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ሰኞ ክፍል ስገባ ከትምህርቱ በፊት ስሞቹን ጠራሁ፤ ማን ምን እንደ ሠራም ዘርዝሬ ተናገርሁ። አርባ ተማሪ ሰማ። የቅዳሜው አዳራሽ ግን ከስድስት መቶ ያላነሰ ሰው ይዞ ነበር።

ፋሲካ በዋለ ማግሥት ቡናና ስኳር ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ሰላምታ እንዳለቀ «ስማችሁን አልጠራሁም» አልኋቸው።

«መስኮቱ ክፍት ነበር» አሉ ሰውየው።

ሌላ የሚባል አልነበረም። ሴትዮዋ እጄን አስታጠቡኝና ዶሮ ወጥ አቀረቡ። በላሁ። የመጀመሪያው ጉርሻ ከጉሮሮዬ ሲወርድ የእናቴ ድምፅ እንደ ተሰማኝ አልደብቃችሁም፤ ሁለተኛውን ሴትዮዋ በእጃቸው ስላጐረሱኝ ድምፁን ለማዳመጥ ጊዜ አላገኘሁም። ልጁ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከታናሽ እኅቱ ጋር ይጫወት ነበር። ያን ዕለት ስለ ጾም ያነሣ ሰው የለም።

መቅደላን ለማየት የበቃሁት በ1978 ዓ.ም. በጥር ዕረፍት ነው። በደሴ አድርጌ እስከ ተንታ፣ ከተንታም በእግር ሄድሁ። አፄ ቴዎድሮስ ግን በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ መድፋቸውን ይዘው የሄዱት በጨጨሆና በቤተ ሖር ነው። መንገድ አልነበረም፤ እየሠሩ ሄዱ፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ያን 70 ኩንታል በጅዳ ገደል አውርደው ወደ ደላንታ አወጡት፤ እንደገና በበሽሎ አውርደው ወደ መቅደላ አወጡት። ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር ራሱ ከቤተ ሖር ወዲህ በዚሁ በንጉሡ መንገድ ነው የተጠቀመው። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ በተደረገው ውጊያ ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ሲተኰስ ፈነዳ፤ ባሩዱ በዝቶበት ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ በገዛ ሽጕጣቸው ሞቱ። አሸናፊው ጦር ጽሑፉንና ንዋየ ቅድሳቱን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ። ከንጉሡ ራስ ላይ የተቈረጠው ጉንጉን ፀጉር እንኳ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሴባስቶፖል ግን እዚያው ቀረ።

ባየሁት ጊዜ መጀመሪያ ያደረግሁት ምን መሰላችሁ? አላለቀስሁም፤ ግጥምም አልመጣልኝም። ከኪሴ ሲባጎ አውጥቼ አፉን ለካሁ፤ ልኩም ባለቀበት ላይ ቋጠሮ ቋጠርሁ።

ደብረ ታቦር እንደ ገባሁ ሲባጎውን ይዤ ወደ ባለ እጁ ቤት ሄድሁ። የእኛ መድፍ ከቴአትሩ በኋላ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አንድ ዓመት ከተኛ በኋላ፣ ቦታ ይዟል ተብሎ ሊጣል ሲል ሴትዮዋ ለምነው ወስደውት ነበር። ከቤታቸው ማዕዘን አፉን ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ገብስ ሞልቶበታል። የበርሜሉ ብረት ቀለበት አሁንም ወገቡ ላይ አለ። ልጁ በዚያ ዓመት ባሕር ዳር ትምህርት ላይ ስለ ነበር አልነበረም።

ሰውየው ሲባጎውን ተቀብለው በአፉ ላይ ዘረጉት። ቋጠሮው ከጠርዙ አልፎ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውጭ ተንጠለጠለ። ያች ተማሪ ልክ ነበረች፤ ሰውየው ረዥም ኖሯል።

«አንሷል» አሉ፤ ሲባጎውንም እየጠቀለሉ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አፉን በስንዝር አሳንሰነዋል።»

ሴትዮዋ ከምድጃው ዳር ቀና ሳይሉ «ለገብሱ ይበቃል» አሉ። «መምህር ቆመው ቀሩ እኮ፤ መደቡን ጥረግላቸውና ይቀመጡ።»